ደረቁ ወንዝ የሞላ ዕለት

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በእኛ ብሎክ፣ ወቅት መለወጡን የምናውቀው ከዳሲቱ ሻንጣ ነው። ኅዳር ላይ ስስ ነጠላና ሰፊ ባርኔጣ ይዛ ከወጣች ወደ አፋር ነው። ሐምሌ ላይ አጎበሯን ጠቅልላ ከወጣች ወደ ጂንካና ቱርሚ ነው፤ እኛ ጭቃ ስንረግጥ የደቡብ ኦሞ ቆላ ደረቅ ስለሆነ ስትመለስ ጫማዋ አቧራ ለብሶ እናያለን። መስከረም ሲጠባ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ይዛ ወደ ባሌ ተራራ ትሄዳለች። ሚያዝያና ግንቦት ግን ቤቷ ናት፤ ያኔ ከሷ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻላል። ይህን የነገረችኝም ባለፈው ሚያዝያ ነው። እሷ የዘለለችውን ሹፌሩ ወልደየሱስ ሞላልኝ፤ ዳሲቱ ስለ ራሷ ስታወራ ብዙ ነገር ትዘላለች።

ሥራዋ ምግብ ማብሰል ነው፤ ሆቴል ውስጥ ግን አይደለም። ተጓዥ ጭነው ራቅ ወዳለ አገር ከሚሄዱ መኪኖች ጋር ትሄዳለች። ድንኳን በተተከለበት ቡታጋዟን ለኩሳ፣ ንፋሱን በሸራ ከልላ፣ ለስምንት ለአሥር ሰው ቁርስ፣ ምሳና እራት ታቀርባለች። አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከዚያ በፊት አቃቂ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ ወጥ ሠሪ ነበረች። አንድ ቀን እዚያ ምሳ የምትበላ የጉዞ ድርጅት ባለቤት፣ "አብሳያችን ታሞብናል፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ድረሺልን" ብላ ለመነቻት። ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

ባሏ ያደታ ቃሊቲ ውስጥ የከባድ መኪና ጎሚስታ ነው። መጀመሪያ ላይ ሚስቴ ከተማ ለከተማ ልትዞር ነው ብሎ አኩርፎ ነበር። አሁን ግን ጉዞ ሲደርስ የምትሄድበትን መኪና ጎማ አንድ በአንድ ዞሮ ራሱ ያያል። ካልወደደው "በዚህ አትሄድም" ይላል፤ ጎማውም ይቀየራል።

ዳሲቱ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ ሜዳው ጤፍና ሽንብራ በሚዘራበት ዘመን። አባቷ ኦቦ ቢራ አቃቂ ወንዝ ዳር መሬት ነበራቸው። ስለ አባቷ ስታወራ ሁልጊዜ የምታነሣው አንድ ነገር አለ። ክረምት ላይ ጸሐይ ወጥቶ፣ ከብቱ ወንዝ ውስጥ ቆሞ እየጠጣ ሳለ፣ አባቷ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ አሻግረው ያዩና "አውጧቸው" ይላሉ። ልጆቹ አይገባቸውም፤ እነሱ ያሉበት ጠብ አላለም። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወንዙ መልኩን ለውጦ፣ ግንድና ቆርቆሮ ይዞ ይደርሳል። ዝናቡ የወረደው ከከተማው ራስጌ ነበር። አንድ ዓመት የጎረቤታቸው ሁለት በሬዎች እንዲያ ባለ ብሩህ ቀን በጎርፍ ተወሰዱ። ዳሲቱ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ በሬዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲሄዱ አይታለች።

ባለፈው የካቲት መጨረሻ ድርጅቱ የአፋርን ጉዞ ለዓመቱ ሊዘጋ ነበር። መጋቢት ሲገባ ሙቀቱ ይብሳል፤ ደጋው ላይ ደግሞ የበልግ ዝናብ ይጀምራል። የዚያን ሰሞን ፈርዶሳ የምትባል ሠላሳ ዓመት ያለፋት ፋርማሲስት ቢሮው ድረስ መጥታ እናቷን አፍዴራ ልትወስድ እንደምትፈልግ ተናገረች።

እናትየው እማማ ሐጀራ ይባላሉ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ገና በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር መጥተው ሳሪስ አቦ አርባ ዓመት ሱቅ ሠርተዋል። ባላቸው ሲሞቱ ሱቁን ለወንድ ልጃቸው ለሀይረዲን ለቀቁ። ልጆቻቸው "እንግዲህ ዕረፊ፣ የት መሄድ ያምርሻል?" ሲሏቸው፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ይላሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ "ጨው የሚወጣበትን ቦታ" አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ጨው ሸጠዋል። ጨዉን የሚያራግፉት ሹፌሮች ስለ ቦታው ሲያወሩ ይሰሙ ነበር፤ መሬቱ ነጭ ነው፣ ሐይቁ አረንጓዴ ነው፣ ከሥሩ የፈላ ውሃ ይወጣል ይሏቸዋል። እሳቸው ግማሹን እንደ ውሸት ይቆጥሩት ነበር።

ረመዳን ላይ መሄድ ስለማይሆን ጉዞው ከኢድ በኋላ ሆነ፤ መጋቢት አጋማሽ። ድርጅቱ ወቅቱ አይደለም ብሎ አመነታ። ፈርዶሳ ግን ከዚያ ሌላ ፈቃድ እንደማታገኝ፣ እናቷም ሰባ ዓመት እንዳለፋቸው ነገረቻቸውና እሺ አሉ። ሁለት ላንድክሩዘር ተነሡ። አንዱን ወልደየሱስ፣ ሌላውን ቤኪ የሚባል ወጣት ሹፌር ያዘ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቱሉ ዲምቱ በኩል ፈጣን መንገዱ ውስጥ ገቡ። እማማ ሐጀራ ከወልደየሱስ ጎን ተቀምጠዋል፣ ዳሲቱ ከኋላ። እሳቸው ዞር ብለው አዩዋት።

"የምታበስዪው አንቺ ነሽ?"

"አዎ እማማ።"

"እኔ የሰው እጅ ምግብ ብዙም አይስማማኝም።"

"እንግዲያው አብረን እንሠራለና።"

"ዕረፍት ነው ብለውኝ ነበር የመጣሁት" አሉና ሳቁ። ከዚያ በኋላ እስከ አዳማ ድረስ ስለ ሱቃቸው፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ወገባቸው አወሩላት።

ሁዳዴ ስለነበር ዳሲቱ በየቀኑ ሁለት ዓይነት ትሠራ ነበር፤ ለራሷና ለወልደየሱስ ሽሮና ምስር፣ ለእነ እማማ ሐጀራ ሙስሊም ያረደው ዶሮ ወይም የፍየል ሥጋ። የመጀመሪያውን ቀን አዋሽ አደሩ፣ ሁለተኛውን ሰመራ። ከገዋኔ በኋላ በመስኮት የሚገባው ንፋስ ራሱ ትኩስ ነበር። ዳሲቱ ቆላን ስለለመደችው የምታደርገውን ታውቃለች። የውሃ ጄሪካኑን በረጠበ ኬሻ ትሸፍናለች፤ ለሁሉም ስኳርና ትንሽ ጨው የገባበት ውሃ በየሰዓቱ ታጠጣለች፤ እምቢ የሚል ካለ አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች። እማማ ሐጀራ እምቢ አሉ፤ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ጠጡ።

ሰመራ ላይ ሁመድ የሚባል የአካባቢው አስጎብኚ ተቀበላቸው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በሱ መሪነት ወደ ሰሜን ተነሡ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሁመድ ከአስፋልቱ አስወጥቶ ደረቅ ወንዝ ዳር ወዳሉ ግራሮች ወሰዳቸው። እዚህ ምሳ ብሉ፣ እኔ እዚያ ማዶ ካለችው መንደር ደርሼ የማለፊያ ወረቀት አስፈርሜ እመጣለሁ አለ። በቤኪ መኪና ሊሄዱ ሲሉ ፈርዶሳ መንደሯ የስልክ መስመር እንዳላት ሰማች።

"ለሀይረዲን ደውዬ ልምጣ" አለች እናቷን። "ሁለት ቀን ድምፃችንን አልሰማም፣ ሳያብድ አይቀርም።"

"ሂጂ፣ ግን ለምሳ ድረሺ።"

ሦስቱም ሄዱ። ወደ መንደሯ የሚያስኬደው መንገድ ከዳሩ ወርዶ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙ ውስጥ በአሸዋው ላይ ከተጓዘ በኋላ ነው በወዲያ ማዶ የሚወጣው። ዓመቱን ሙሉ መኪና የሚሄድበት ስለሆነ ማንም ምንም አላሰበም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ጸሐይዋ ዞረችና ዳር ላይ ያለው ጥላ ሳሳ። ወንዙ መሐል፣ አሸዋው ላይ፣ ሰፋፊ ቅርንጫፍ ያላቸው ሁለት ትልልቅ ዛፎች ነበሩ። ወልደየሱስ ለእማማ ሐጀራ አዝኖ መኪናውን ወደዚያ አወረደው። ዳሲቱም ምንጣፉን አነጠፈች፣ ጠረጴዛዋን ዘረጋች፣ ሸራዋን ወጠረች። እሷም ያኔ ምንም እንዳላሰበች ደጋግማ ነግራኛለች፤ ጥላው ደስ ብሏት ነበር።

ሽሮው ተጥዶ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ንፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ። ቀኑን ሙሉ ፊት ሲለበልብ የዋለው ንፋስ ድንገት ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ሽታ መጣ፤ የረጠበ አፈር ሽታ። ቢላዋዋን አስቀምጣ ከዛፉ ጥላ ወጣች። እላያቸው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ወደ ምዕራብ፣ የወሎ ተራሮች ወዳሉበት ስታይ ግን ተራሮቹ የሉም፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሰማያዊ ደመና ውጧቸዋል።

"ወልዴ፣ እንነሣ" አለች።

ወልደየሱስ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። "ምን ሆንሽ?"

"ወንዙ ሊመጣ ነው።"

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። "የት አለ ዝናቡ? ሽሮው እንኳ አልፈላም።"

"ሽሮውን ተወው። መኪናውን አውጣ።"

ወልደየሱስ ይህን ሲነግረኝ፣ "አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ የተጣደ ድስት ትታ ስትነሣ አይቻት አላውቅም። ደመናው እኔን ብዙም አላሳሰበኝም፤ ያመንኩት እሷን ነው" አለኝ። ተነሥቶ ወደ መኪናው ሮጠ።

ዳሲቱ የእማማ ሐጀራን እጅ ያዘች። "እማማ፣ ወደ ላይ እንውጣ።"

"ምሳውስ?"

"ምሳው ይደርሳል፣ እርስዎ ይነሡ።"

ዳሩ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ይላል፣ አፈሩ ይንሸራተታል። እማማ ሐጀራ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። ዳሲቱ ከኋላ በትከሻዋ ደግፋ፣ እሳቸው ሥር እየጨበጡ፣ ሁለት ጊዜ ተንሸራተው በሦስተኛው ወጡ። ድንጋይ ላይ አስቀምጣቸው ዞር ስትል መኪናው አልተንቀሳቀሰም። የኋላ ጎማዎቹ አሸዋው ውስጥ እየተሽከረከሩ ይሰምጣሉ።

ተመልሳ ወረደች። ወልደየሱስ አሸዋው እንዳይውጣቸው ከጎማዎቹ ንፋስ እየለቀቀ ነበር። ያደታ እቤት ውስጥ ሁሌ የሚያወራው ነገር ስለሆነ ሳይነግራት የቀሩትን ሁለቱን እሷ ለቀቀች። ከዚያ ሸራዋን ከነገመዱ ነቅላ በአንዱ ጎማ ሥር፣ ምንጣፉን በሌላው ሥር ጠቀጠቀች። ወልደየሱስ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ቀስ ብሎ ነዳጅ ሰጠው። መኪናው ተንገዳግዶ ሸራው ላይ ወጣ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ። በመጡበት ዱካ ዳሩን ሲወጣ ዳሲቱ ከኋላ እየሮጠች ነበር። ድስቱ፣ ቡታጋዙ፣ ጠረጴዛው፣ ዶሮውም እዚያው ቀሩ።

ላይ ሲደርሱ እማማ ሐጀራ ቆመው ጠበቋቸው።

"ፈርዶሳስ?" አሉ።

ዳሲቱ ወደ ወንዙ ዞረች። እስከዚያ ድረስ ያሰበችው አጠገቧ ስላሉት ብቻ ነበር። የመንደሯ መንገድ ወንዙ ውስጥ ነው። እነ ፈርዶሳ ከሄዱ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ለምሳ ድረሺ ተብላለች፤ አሁን እየተመለሱ ሊሆን ይችላል።

"ልሂድና ልንገራቸው" አለ ወልደየሱስ፣ የመኪናውን በር ይዞ።

"አትደርስም። አንተም እዚያው ትቀራለህ" አለችው። ከሩቅ፣ ከወደ ተራሮቹ በኩል፣ ድምፅ መሰማት ጀምሮ ነበር፤ ጭነት የበዛበት ተሳቢ ቁልቁለት ሲወርድ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ።

እማማ ሐጀራ ሁለቱን አዩአቸው። ከዚያ ወደ ተከፈተው የሹፌሩ በር ሄዱና "ይሄ ነገር ይጮሃል አይደል?" ብለው መዳፋቸውን ክላክሱ ላይ አሳረፉ። አላነሡም። መኪናው አንድ ረጅም፣ የማይቆራረጥ ጩኸት ጮኸ። ሲደክማቸው በሁለቱም እጃቸው ተጫኑት፤ ሲብስባቸው በክርናቸው።

ውሃው በቀስታ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ቡናማ አረፋ፣ ጭራሮና ደረቅ ቅጠል እየገፋ አሸዋው ላይ እንደ ምላስ ወጣ። ዳሲቱ ድስቷን አየችው፤ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ዞረ፣ ከነክዳኑ ሄደ። ከዚያ ሌላው ደረሰ። ከዳር እስከ ዳር፣ ደረት የሚደርስ፣ ግንድ ያዘለ ጎርፍ። ጥላ የሰጧቸው ሁለቱ ዛፎች ግንዳቸው እስከ ግማሽ ሰጠመ። እነሱ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ ጸሐይዋ እንደ ቅድሙ ታቃጥላለች።

እማማ ሐጀራ ክላክሱን አልለቀቁም። በመጨረሻ ወልደየሱስ አጎንብሶ፣ "እማማ፣ ባትሪው ያልቃል፤ ቢፈልጉን የምንጠራቸው በምን ይሆናል?" አላቸው። እጃቸውን አነሡ። ከውሃው ድምፅ በቀር ምንም የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ስልክ አይሠራም። ወልደየሱስ መኪናው ጣሪያ ላይ ወዳለው ፖርቶመጋላ ወጥቶ ወደ ማዶ እያየ ቀረ። ዳሲቱ መቆምም መቀመጥም አቃታት። አባቷ ከብቶቹን ሁሉ ቆጥረው ነበር የሚያስወጡት፤ እሷ አልቆጠረችም። ቀድማ ብታስታውስ፣ አሥር ደቂቃ ብትቀድም፣ ወልደየሱስ ሮጦ ይደርስ ነበር እያለች ራሷን ትወቅሳለች።

እማማ ሐጀራ በመኪናው ጥላ ሰገዱ። ሰግደው ሲጨርሱ ወደ ዳሲቱ ዞሩ። ከዚያ፣

"አብረን እንሠራለን ብለሽኝ ነበር" አሉ።

"እማማ፣ ምን አለን? ሁሉም ሄደ እኮ።"

"መኪናው ውስጥ ምን ቀርቷል?"

ግማሽ ኬሻ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ውሃ ነበር። ምጣድ የለም፣ ድስት የለም። እማማ ሐጀራ በወልደየሱስ የጎማ ማጠቢያ ባልዲ፣ ሦስት ጊዜ ካሳጠቡት በኋላ፣ ሊጡን አቦኩ። ዳሲቱ ጭራሮ ለቅማ እሳት አነደደች። አሸዋ መዛቂያውን አካፋ አጥባ፣ እሳቱ ላይ ደፍታ፣ በጀርባው ላይ ቂጣ ጋገረች። አንዱ አረረ፣ ሁለተኛው ጥሬ ሆነ፣ ሦስተኛው ጥሩ ወጣ። እማማ ሐጀራ "እሳቱን ቀንሺው፣ ትቸኩያለሽ" ሲሏት፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሥራዋን ሰው ሲያርማት ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ አላት፤ ለአፍታም ቢሆን ስለ ሌላ ነገር አሰበች።

ስድስተኛውን ቂጣ ስትገለብጥ ወልደየሱስ ከላይ ተናገረ። አልጮኸም።

"ሰው አለ።"

ሁለቱም ተነሡ። በወዲያ ማዶ፣ ራቅ ብሎ፣ ድንጋያማ ጉብታ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል። ቢጫ ነገር ያውለበልባል። እማማ ሐጀራ ዓይናቸውን አጠበቡ። "የፈርዶሳ ሻሽ ነው" አሉ። "የሚያውለበልበው ግን ሌላ ሰው ነው።"

ወልደየሱስ ፖርቶመጋላው ላይ ተንጠራራ። "ሁመድ ነው። ቆይ… ከኋላው ቤኪ አለ። መኪናውም አለ።" እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ እንደገና አየ። "ሦስተኛዋ እየወጣች ነው። ፀጉሯን አልሸፈነችም። እሷ ናት።"

እማማ ሐጀራ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ወደ እሳቱ እያመለከቱ፣ "ቂጣው እንዳያርብሽ" አሏት። ዳሲቱ ቂጣውን አነሣችውና አካፋውን እንደያዘች አለቀሰች።

የዚያን ምሽት በየዳራቸው አደሩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውሃው ቁርጭምጭሚት አልደረሰም ነበር። ሁመድ ፈርዶሳን እጇን ይዞ እየመራ አሻገራት። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ፤ ምን እንደተባባሉ ዳሲቱ አልሰማችም፣ በስልጥኛ ነበር።

የሆነውን የነገራቸው ሁመድ ነው። ከመንደሯ ተነሥተው ወንዙ ውስጥ ገብተው ነበር። መሐል ላይ ሲደርሱ ክላክሱ ተሰማቸው። ቤኪ "ለምሳ እየጠሩን ነው" ብሎ ፍጥነት ጨመረ። ሁመድ ግን እጁን መሪው ላይ አሳረፈበት።

"ለምሳ የሚጠራ ሰው ደጋግሞ ነው የሚጠራው" አለ ሁመድ ሲያስረዳ። "ይሄ አንድ ጊዜ ጀምሮ አላቆመም። ውጣ አልኩት።" ዳሩን ወጥተው ጉብታው ላይ ሲቆሙ ውሃው በነበሩበት አለፈ። ቀጥሎ ለመሻገሪያ የሚሆን ቦታ ፍለጋ በዳሩ ሲወርዱ ነው ጊዜው የሄደው። ያን የሚያህል ክላክስ ያስጮኸው ማን እንደሆነ ሁመድ ሲጠይቅ ወልደየሱስ እማማ ሐጀራን አሳየው። ሁመድ ቀርቦ እጃቸውን ሳመ።

ሁሉም ወደ ሰመራ እንመለሳለን ብለው ነበር የሚያስቡት። ፈርዶሳም "እማ፣ ይበቃናል፣ ቤታችን እንግባ" አለች።

"ጨዉን ሳላይ?" አሉ እማማ ሐጀራ። "የቀረችው የግማሽ ቀን መንገድ አይደለች?"

ሄዱ። አፍዴራ ሲደርሱ ጸሐይዋ ጋል ብላ ነበር። ሐይቁ በእርግጥም አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩን በአራት ማዕዘን የተከፋፈሉ የጨው መደቦች ዓይን እስከሚያየው ድረስ ይዘልቃሉ፤ ሰዎች ነጩን ጨው እየጠረጉ ይከምራሉ። እማማ ሐጀራ ጫማቸውን አውልቀው መደቦቹ መሐል በቀጭኗ መተላለፊያ ሄዱ። ከአንድ ሠራተኛ ጋር ቆመው ብዙ አወሩ፤ ስንት ቀን ይደርቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ምን ይሆናል፣ ለምን አንዳንዱ ኬሻ ውስጥ ድንጋይ ይገኛል ብለው ጠየቁት። ስለ ድንጋዩ ሰውየው ሳቀና ወደ ክምሩ ተመለሰ። ከዚያ ፍልውሃው ዳር ተቀምጠው እግራቸውን ነከሩ። "እነዚያን ሹፌሮች በሐሰት ጠርጥሬአቸው ነበር" አሉ። ከጎናቸው ፈርዶሳ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ዳሲቱም እግሯን ከተተች። ለሰዓታት አንድም ሰው ምግብ አልጠየቃትም፤ የምታበስልበት ዕቃም አልነበራትም።

ሲመለሱ ሎግያ ላይ ስልኳ ሲሠራ ዩኒቨርሲቲ ላለችው ለልጇ ለፌኔት ደወለች። "ድስቶቼን ወንዝ ወሰዳቸው" አለቻት፤ ሌላውን አልነገረቻትም። ፌኔት "አፋር ወንዝ አለ እንዴ?" ብላ ሳቀች። ያደታ ግን ከወልደየሱስ ሙሉውን ሰምቶ ኖሮ፣ መኪኖቹ ከፈጣን መንገዱ ሲወጡ ቱሉ ዲምቱ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዳሲቱ ስትወርድ እሷን አላያትም፤ ቀጥታ ወደ ጎማዎቹ ሄዶ ጎንበስ አለ። አራቱንም በእጁ እየነካ ዞረ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "ጥሩ ነው፣ ችሏል" አለ፣ እና ሻንጣዋን ተቀበላት።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት እነ እማማ ሐጀራ ሳሪስ ቤታቸው ጠሯት። ዳሲቱ ብቻዬን አልሄድም ብላ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ገና ከመግባቷ ወደ ጓዳ ልታልፍና ልታግዝ ስትል እማማ ሐጀራ በሩ ላይ ቆመው ከለከሏት። ሳሎን፣ ከሁሉ ከፍ ባለው ወንበር አስቀመጧት። ሀይረዲን እጇን አስታጠባት፣ ፈርዶሳ ቆጮ፣ አይብና ጎመን አቀረበች። ዳሲቱ እጇን ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ጭኗ ላይ አጣጥፋ ያዘችው። ሁለት ጊዜ ሳህን ልታነሣ ስትል ሁለቱንም ጊዜ "ተቀመጪ" አሏት። በሦስተኛው ወደ ኋላ ተደገፈችና መብላት ጀመረች።